በየቀኑ ደንገጎ

ጥርሴ የተሰነጠቀው ፉል ስበላ ነው። አጥንት አልቆረጠምኩም። ቆሎም አልነበረም። ቅዳሜ ጠዋት ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ቢሮዬ አጠገብ ካለችው ቁርስ ቤት፣ እንደ ሁልጊዜው ፉል በዳቦ አዝዤ ነበር። ሁለተኛውን ጎርሼ ሳልውጥ ቀጭ አለ። ጠጠር መሰለኝ። በምላሴ ስዳስሰው የግራ መንጋጋዬ ለሁለት ተከፍሏል።

ሰኞ ጥርስ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ወጣት ነው፣ ረጋ ያለ። አፌን በመብራት ሲያይ ቆየና "እህቴ፣ ሌሊት ጥርስሽን ታፋጫለሽ እንዴ?" አለኝ። "ኧረ በፍጹም!" አልኩት። መስታወት ይዞ አሳየኝ። የመንጋጋዎቼ ጫፍ ተፍቆ ለጥ ብሏል። ከጆሮዬ ሥር ያለውን ጡንቻ በጣቱ ጫን ሲያደርገው አመመኝና ጮህኩ። ጡንቻው እንደ ገመድ ተወጥሯል። "አንድ ቀን የፈጠረው አይደለም። ለባለቤትሽ ጥያቄውን አቅርቢለት" አለኝ።

ማታ ጠየቅኩት። "ታፋጫለሽ እንጂ! ዓመት አለፈሽ እኮ" አለ። "ልጆቹም ያውቃሉ። ትልቋ 'እማዬ ሌሊት ድንጋይ ትበላለች' ትላለች።" ለምን እንዳልነገረኝ ስጠይቀው ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ደክሞሽ ነው ብዬ ነዋ" አለኝ። ያን ሌሊት ብዙ አልተኛሁም። ሰውነቴ ዓመት ሙሉ አጠገቤ ለተኛው ሰው ሲናገር፣ የሰውነቱ ባለቤት እኔ ግን አልሰማሁም።

ሐኪሙ ማደንዘዣ ከመውጋቱ በፊት የደም ግፊቴን ለክቶ ነበር። 158 በ98። በድጋሚ ለካ፣ ያው ነው። 41 ዓመቴ ነው። ወፍራም አይደለሁም፣ አላጨስም። አባቴ ግን በግፊት ነው የሞተው። "ጥርሱን እንነቅለዋለን፣ ይሄን ግን ጤና ጣቢያ ሄደሽ በደንብ አሳዪ" ብሎ ወረቀት ጻፈልኝ።

ስለ ሥራዬ ልንገራችሁ፣ አለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። ትራንዚተር ነኝ። ጅቡቲ ወደብ የደረሰ ዕቃ ድሬ ደረቅ ወደብ ገብቶ፣ ጉምሩክ ጨርሶ፣ ባለቤቱ መጋዘን እስኪደርስ የሚሮጥ ሰው ማለት ነው። ዲክላራሲዮን፣ የጉምሩክ ማስታወቂያ ቅጹን፣ እሞላለሁ፣ ሰነድ አሟላለሁ፣ ፍተሻ ላይ እቆማለሁ። ኮንቴይነር ከተሰጠው ቀን ካለፈ በየቀኑ በዶላር ይቆጥራል። ዲመሬጅ እንለዋለን። አንዲት ቁጥር ተሳስታ ሰነዱ ከተመለሰ ያ ቀን ገንዘብ ነው፣ ገንዘቡም የሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ደንበኛ ይደውላል። ጅቡቲ ያለው ወኪል ይደውላል። ሾፌሩ መንገድ ላይ ሆኖ ይደውላል። አዲስ አበባ ያለው አስመጪ ደግሞ ማታ 4 ሰዓት ላይ "የኔ እህት፣ ምን ደረሰ?" ይላል። ምንም አልደረሰም። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ከነገርኩት የተለየ ነገር የለም።

ስልኩ ባይጠራም ጭኔ ላይ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። እጄን ኪሴ ስከት የለም፣ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ማንም ሳይቀሰቅሰኝ ዓይኔ ይገለጣል። ኮርኒሱን እያየሁ የኮንቴይነር ቁጥር እቆጥራለሁ። ይሄን ሁሉ ሥራ ብዬ ነው የማስበው። ጤና ጣቢያ ስሄድ "ጭንቀት አለብሽ?" ስባል "የለብኝም፣ ሥራ ብቻ ነው" ነበር መልሴ።

እዚያ የለካችኝ ነርስ እናቴን የምታክል ሴት ናት። እንደ ገባሁ ክንዴን ዘረጋሁላት። "አይ ልጄ፣ እንዲህ አይለካም" አለችኝ። "ቡና ጠጥተሻል?" "አሁን።" "በይ ውጭ ተቀመጪ። ጀርባሽን አስደግፊ። እግርሽን አታጣምሪ። ስልኩን እዚህ አስቀምጪው።" ቡናው እስኪወጣልኝ ግማሽ ሰዓት አስቀመጠችኝ። ከዚያ ክንዴን ጠረጴዛው ላይ፣ በልቤ ትክክል አድርጋ ለካች። 150 በ94። "ወርዷል አይደል? ግን ገና ነው። በአንድ ቀን ግፊት አለብሽ አልልሽም፣ ሐሙስ ተመለሽ" አለችኝ። ሐሙስም፣ በሚቀጥለው ሳምንትም ሄድኩ። ሁሉም ከ140 በ90 በላይ ነበር። ሐኪሟ አምሎዲፒን የሚባል የግፊት መድኃኒት በቀን አንዴ አዘዘችልኝ። ጨው ቀንሺ፣ ተራመጂ አለች። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና "መቼ ነው የምታርፊው?" ብላ ጠየቀችኝ። እሑድ ልላት ነበር። እሑድም ስልክ አነሳለሁ።

ያን ጊዜ ደንገጎ ትዝ አለኝ።

ድሬን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከ1,200 ሜትር አካባቢ ተነስቶ ከ2,000 ሜትር በላይ የሚወጣው ያ ጠመዝማዛ መንገድ። ባለፈው ዓመት ለሠርግ ወደ ሐረር ስንሄድ፣ ሚኒባሱ ኩርባ ላይ እያለ የጭነት መኪና በእኛ መስመር ደርቦ ወረደብን። ሾፌራችን ወደ ተራራው በኩል ጠጋ አለ። የመኪናው መስታወት የእኛን መስታወት ነክቶ አለፈ። ማንም አልጮኸም። አፌ ደረቀ። እጄ በረዶ ሆነ። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ነው የሚመታው። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት "አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ" ይላሉ።

ከዚያ ምን ሆነ? አደሌ ስንደርስ ሰው ሁሉ ማውራት ጀመረ። ሐረማያ ላይ ሾፌሩን እንመርቅ ነበር። አወዳይ ስንገባ ራበኝ። ሐረር ሸዋ በር ስንወርድ እጄ ሞቋል፣ እየሳቅኩ ነበር።

ጭንቀት በትክክል ሲሠራ እንዲህ ነው። አደጋ ስናይ አንጎላችን መልእክት ይልካል። ከኩላሊቶቻችን አናት ላይ ቆብ መስለው የተቀመጡ ሁለት ትናንሽ እጢዎች አሉ። መጀመሪያ አድሬናሊን ይረጫሉ። ልብ ይፈጥናል፣ ግፊት ይጨምራል፣ ጉበት ስኳር ወደ ደም ይለቃል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ሆድ ሥራውን ያዘገያል፤ ጅብ እያሳደደህ ምሳህን የምትፈጭበት ምክንያት የለም። ትንሽ ቆይቶ ኮርቲሶል የሚባለው ይከተላል፣ ጉልበቱ ቶሎ እንዳያልቅ። አደጋው ሲያልፍ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። አወዳይ ላይ የራበኝ ለዚህ ነው። ሆዴ ሥራውን ጀምሮ ነበር።

የእኔ ስልክ ግን የደንገጎ መኪና ነው። በቀን 30 ጊዜ ይመጣብኛል። ሰውነቴ የጉምሩክ ሰነድና የጭነት መኪና አይለይም። ልቤን ያፈጥናል፣ መንጋጋዬን ያስነክሰኛል። ሐረር ግን አልደርስም። አንዱ ስልክ ከመውረዱ ሌላው ይጠራል። የሚጎዳው የችግሩ ትልቅነት ብቻ አይደለም። ማለቂያ ማጣቱም ነው። ግፊት ለአንድ ሰዓት ቢወጣ ሰውነት ይችለዋል። ለዓመታት ሳይወርድ ሲቀር ግን የደም ሥር ግድግዳ እየደደረ ይሄዳል፣ ልብ ከአቅሙ በላይ ይገፋል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ ስትሮክ ይመጣል። ኮርቲሶልም የራሱ ሰዓት አለው። እኩለ ሌሊት አካባቢ ዝቅ ይላል፣ ወደ ንጋት ይነሳል፣ ስንነቃ ከፍ ይላል። ተጨንቆ የሚያድር ሰው ይህ ሰዓቱ ይዛባበታል። አጎቴ ስኳር አለበት። የመሬት ክርክር ቀጠሮ ባለው ሳምንት፣ ምግቡ ሳይለወጥ ስኳሩ ይወጣል። "ዳኛው ነው ያወጣብኝ" ይላል። ጉበቱ ነው፣ ግን አልተሳሳተም።

ሃንስ ሰልየ የሚባል በሞንትሪያል ይሠራ የነበረ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1936 ይህንን በአይጦች ላይ አይቶ ጽፏል። ብርድ ይሁን ቁስል፣ ከአቅም በላይ ድካም ይሁን መድኃኒት፣ የአይጦቹ ሰውነት የሚሰጠው መልስ ተመሳሳይ ነበር። እነዚያ ከኩላሊት በላይ ያሉት እጢዎች ያብጣሉ፣ ጨጓራቸው ይቆስላል። ስትረስ የሚለውን ቃል በዚህ ትርጉሙ ያስፋፋው እሱ ነው።

አማርኛችን ግን ከዚያ በፊትም ያውቅ ነበር። ስንናደድ ደማችን ይፈላል። ስናዝን አንጀታችን ያራል። ነዝናዛ ሰው ጨጓራችንን ይልጠዋል። ለማንም የማንናገረውን ደግሞ ሆድ ይፍጀው እንላለን። እኔ ይቺን አባባል እወዳት ነበር፣ የጨዋ ሰው አነጋገር ትመስለኝ ነበር። ሆዱ ፈጅቶ ፈጅቶ ራሱ ምን እንደሚሆን ግን አስቤ አላውቅም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልተናገርኩ ልቤ አይቀበለውም። ሁሉን በጭንቀት ማሳበብም ይገድላል። ከስምንት ዓመት በፊት ጨጓራዬን ክፉኛ ታምሜ ነበር። እናቴ "ንዴት ነው፣ አቦ ተይው" ትለኝ ነበር። ጎረቤትም፣ የሥራ ባልደረባም እንደዚያው። ወተት እየጠጣሁ፣ አብሽ እየበጠበጥኩ ዓመት ያህል ቆየሁ። በኋላ ሲመረመር ባክቴሪያ ነው። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ። ሁለት ሳምንት መድኃኒት ወሰድኩ፣ ተሻለኝ። ዓለምም እንደ እናቴ ነበር የሚያስበው። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ አውስትራሊያውያን ባክቴሪያ ነው ሲሉ ሰው አልተቀበላቸውም። ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራውን አሳመመና አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ጭንቀት ሕመሙን ያባብሰዋል፣ ስሜቱን ያጎላዋል። ግን ደረቱን የሚጨምቀው፣ ደም የሚያስመልሰው፣ ክብደቱ ያለ ምክንያት የሚቀንስ ሰው "ሐሳብ ነው" ብሎ ቤቱ መቀመጥ የለበትም። መጀመሪያ ይታይ። እባካችሁ።

ስለ ጫት ብዙ አልልም፣ እኔ አልቅምም። ቢሮዬ ግን በርጫ ያለበት ከተማ ውስጥ ነው። ወዳጆቼ "ጭንቀት ያስረሳል" ይሉኛል። ምርቃናው ላይ እያሉ እውነት ነው፣ ዓለም ሁሉ ቀላል ነው። ግን ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ልብ የሚያፈጥን፣ ግፊት የሚጨምር ነገር ነው። የተወጠረውን ገመድ እየሳበ ነው የሚያስረሳው። ሌሊት እንቅልፍ የለም፣ ከተኙም ዱካክ፣ ክፉ ቅዠት፣ አለ። ጠዋት ያው ዕዳ፣ ያው ስልክ፣ በዚያ ላይ ያልተኛ ሰውነት። የእኔ ደግሞ ቡና ነበር። በቀን ስድስት ሲኒ። የመጨረሻውን ማታ 1 ሰዓት ላይ ከጎረቤታችን ከአዴ ጋር እጠጣለሁ። ካፌይን በግማሽ እስኪቀንስ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ማለትም እኩለ ሌሊት ላይ የዚያ ሲኒ ግማሽ ገና ደሜ ውስጥ ይዞር ነበር። አሁን ቡናዬ እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ነው። የአዴ ቡና አልቀረብኝም፣ እሄዳለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ እጣኑን እሸታለሁ፣ እሳቸው ለእኔ ሻይ በቅርንፉድ ያፈላሉ። መጀመሪያ ቅር ብሏቸው ነበር። "ቡናዬን ንቀሽ ነው?" አሉኝ። ግፊቴን ስነግራቸው ግን ወዲያው ጨው መጠኔንም መቆጣጠር ጀመሩ።

አብሮ መቀመጡ ራሱ መድኃኒት እንደሆነ አምናለሁ። አዴ ጋ ስቀመጥ ትከሻዬ ይወርዳል። ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ተሰቅሎ እንደሚውል ያወቅኩት ሲወርድ ነው። ድሬ ድሮም ይሄን ታውቅ ነበር። ሙቀቱ ሲያይል ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው ጥላ ሥር ጋደም ይላል፣ ባጃጁ እንኳ ዛፍ ሥር ይቆማል። ከተማው ራሱ ተንፈስ በሉ ይለን ነበር። እኔ ያቺን ሰዓት ስልክ ይዤ ሰርቄያታለሁ።

እናቴ የምትኖረው ከደቻቱ ወንዝ ብዙ ሳይርቅ ነው። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ሰው ያቋርጠዋል፣ ይነግድበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማለቂያ ላይ፣ ሌሊት፣ ሰው ተኝቶ ሳለ፣ ከደጋው የወረደው ውሃ መጣ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ።  ውሃው የመጣው ከላይ፣ ከተራራው ነው። እናቴ ሁለት ጎረቤቶቿን አጥታለች። ከዚያ ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር፣ በደንገጎ በኩል ሰማዩ ከጠቆረ፣ አልጋዋ ላይ አትወጣም። ነጠላዋን ደርባ በሩ አጠገብ ትቀመጣለች። እጇ ይቀዘቅዛል፣ ሆዷን ይቆርጣታል። ስንት ዓመት አለፈው። እኔ "እማዬ አለፈ እኮ፣ ተኚ" እላት ነበር፣ በስልክ፣ ሌላ ስልክ እየጠበቅኩ። ሐኪሟ ያንን ጥያቄ ከጠየቀችኝ በኋላ ነው የገባኝ። ለእናቴ ሰውነት አላለፈም። እንደ እኔው ደንገጎ ላይ ናት፣ የእሷ ግን በክረምት ብቻ ይመጣል፣ መንስኤውም እውነተኛ ነው።

ያደረግኩትን ልንገራችሁ፣ ትልቅ ነገር አይደለም። ማታ 2 ሰዓት ላይ ስልኬ ወጥ ቤት፣ የሽንኩርቱ ቅርጫት ውስጥ ይገባል። እስከ ጠዋት 12 ሰዓት አይወጣም። ለደንበኞቼ ሁሉ አንድ በአንድ ደውዬ ነገርኳቸው። አንዱ ተቆጣና ሄደ። ጥሩ ከፋይ ነበር፣ አላፈርኩበትም ግን ሁለት ወር ተሰምቶኛል። ሌሎቹ "ደህና ነሽ ግን?" ነው ያሉኝ። የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር። ሦስት ጊዜ ተነስቼ ቅርጫቱን አይቻለሁ። የጥርስ ሐኪሙ ሌሊት የሚደረግ ፕላስቲክ መሸፈኛ ሠራልኝ። ማታ ማታ ከዚራ ዛፎቹ ሥር እስከ ድሮው ባቡር ጣቢያ እሄድና እመለሳለሁ፣ ከትልቋ ልጄ ጋር። ልቤ ሲሮጥ በአፍንጫዬ እየሳብኩ እስከ አራት፣ ቀስ ብዬ እያስወጣሁ እስከ ስድስት እቆጥራለሁ። ረጅሙ አወጣጥ ልብን ቀስ የሚያደርገውን ነርቭ ያነቃዋል። አያቴ "እፎይ በይ ልጄ" የምትለው ይሄንኑ ነበር። መድኃኒቴን አልተውኩም። ከሦስት ወር በኋላ ያቺው ነርስ ስትለካኝ 132 በ84 ሆነ። "እንዲህ ነው!" ብላ ጉልበቴን መታ መታ አደረገችኝ።

ባለፈው ሐምሌ አንድ ማክሰኞ ማታ ደንገጎ በኩል ጠቆረ። መብረቁ ከሩቅ ይታያል። ስልኬን ቅርጫቱ ውስጥ ጥዬ፣ ለባለቤቴ የት እንደምሄድ ነግሬው፣ በባጃጅ እናቴ ጋ ሄድኩ። በሩ አጠገብ ነበረች። ተኚ አላልኳትም። በርጩማ ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እጇን ያዝኩት፣ ቀዝቃዛ ነው። ስለዚያ ሌሊት ጠየቅኳት፣ ጠይቄያት የማላውቀውን። ስለ ሁለቱ ጎረቤቶቿ ነገረችኝ። አንደኛዋ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ወንፊት ተውሳት ነበር። ወንፊቱ እስካሁን የለም።

ሌሊት 7 ሰዓት ገደማ ደቻቱ ድምፅ አሰማ። ተነስተን ሰማን። ጎረቤቶችም ወጥተው በባትሪ ያበራሉ። ውሃው ዝቅ ብሎ፣ በመሃል አሸዋው ላይ ብቻ፣ ቡናማ ሆኖ አለፈ። እናቴ ቆማ አየችው። "መጣ፣ ሄደ" አለች። ገብታ አልጋዋ ላይ ወጣች። እግሯ ሥር ጋደም አልኩ። ስትተኛ ትንፋሿ ሲረዝም ይሰማኝ ነበር።

ጠዋት ቤቴ ገብቼ ስልኩን ከሽንኩርቱ መሃል አወጣሁት። ዘጠኝ ያመለጡ ጥሪዎች። የመጀመሪያው ላይ መልሼ ደወልኩ። "ኮንቴይነሩ ገብቷል፣ ያንን ልነግርሽ ነበር" አለኝ።